የማን ገላ እጅ ማፍታቻ ይሁን?

ሌሊት ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ መኪና ከማይደርስበት አንድ ጎጥ፣ አራት ጎረምሶች ወሳንሳ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። በጋቢ ተጠቅልላ የተኛችው ሴት ደም እየፈሰሳት ነው። ምናልባት የሦስት ወር ጽንስ ጨንግፎባት ይሆናል። ምናልባትም ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሏት ይሆናል። ከፊት አንድ ሰው ባትሪ ያበራል፤ ከኋላ የሚከተሉት ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ መኪና ካገኙ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ይወስዷታል።

ይህ የአንዲት ሴት ታሪክ አይደለም። ከደጋ ዳሞት ብርድ እስከ ወምበርማ ቆላ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ጉዞ ያውቀዋል፤ ያልተሸከመ ቢኖር እንኳ ተከትሎ ያለቀሰ ነው።

ስለ እናቶች ሞት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለዚህ መንገድ ነው፤ ስለ ርቀቱ፣ ስለ አምቡላንሱ፣ ስለ ድልድዩ። ትክክልም ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ካልታከመ በሁለት ሰዓት ገደማ ሊገድል ይችላል። ነገር ግን ከመንገዱ በኋላ የሚመጣ፣ ብዙም የማይነሳ ሌላ ጥያቄ አለ። ሴትዮዋ ደረሰች እንበል። የድንገተኛ ክፍሉ በር ተከፈተ። ጓንት ያጠለቀው ተረኛ ወጣት ይህን ሥራ ከዚህ በፊት በእጁ ሠርቶት ያውቃል? ካወቀስ፣ መጀመሪያ የተማረው በማን ገላ ላይ ነው?

*ሙያን ወደ ገጠር ማውረድ*

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ መንገድ ላይ ማንኩሳ ትገኛለች፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ። በልቦለዱ ውስጥ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለታቦት ይሳሉታል። በዚያ ዘመን ለገጠር ቤተሰብ የነበረው መድኃኒት ስእለቱ፣ ጸበሉና የልምድ አዋላጇ ነበሩ። ዛሬም የወለደችን ሴት ለመጠየቅ የሚገባ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የሚላት። «ማረችሽ» የሚለው ቃል ብቻውን ታሪክ ይናገራል፤ መውለድ ፍርድ ቤት እንደመቅረብ ነበርና።

መንግሥት ወደ ገጠሩ ሙያ ለማውረድ የሞከረበት አንዱ ትልቅ እርምጃ የተወሰደው በጎንደር ነው። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። ከዚያ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የፖይንት ፎር ፕሮግራም ድጋፍ ተከፈተ። በዚያ ጊዜ አገሪቱ አንድም የሕክምና ፋኩልቲ አልነበራትም፤ የአዲስ አበባው የተከፈተው አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። የጎንደሩ ሐሳብ ቀላልና ደፋር ነበር። ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅ፤ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥነን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እንላክ የሚል ነው።

ሐሳቡ ብዙ ወጣ ገባ አይቷል። በደርግ ዘመን ጎንደር የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሲሆን የጤና መኮንን ትምህርት ቆመ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደግሞ እንደገና ተመለሰ። በ1998 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው የአሠራር መመሪያ ነርሶች፣ ሚድዋይፎችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ከውርጃ ጋር የተያያዘ ሕክምና እንዲሰጡ በር ከፈተ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች የሚባሉት የማስተርስ ሥልጠና ተጀመረ፤ መቀሌ፣ ጅማና ሀዋሳ ከጀማሪዎቹ መካከል ናቸው። ጤና መኮንን የነበረ ሰው ሦስት ዓመት ሠልጥኖ የምጥ ቀዶ ሕክምና፣ ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝናና የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ ሆኖ ወደ ወረዳ ሆስፒታል ይመለሳል።

ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ ብቻዋን አልሄደችም። ሞዛምቢክ ከነጻነት በኋላ ሐኪሞቿ ጥለዋት ሲሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሐኪም ያልሆኑ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረች። ከ12 ዓመት በኋላ የወጣ ጥናት ከ2 ሺህ በላይ የምጥ ቀዶ ሕክምናዎችን አመሳክሮ፣ በእነሱና በሐኪሞች ሥራ ውጤት መካከል ትልቅ ልዩነት አላገኘም። ለእጅ ሙያ ዋናው ነገር ማን እንዳስተማረውና ስንት ጊዜ እንደሠራው ነው፤ የዲግሪው ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለዚህ ከአገር ውስጥ ምስክር ከተፈለገ ማሚቱ ጋሼ አሉ። በልጅነታቸው በከባድ ምጥ ተጎድተው ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። ታክመው ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ ያነጥፉ ጀመር። ከዶክተር ካትሪንና ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ጎን እየቆሙ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያ መርዳት፣ ከዚያም በገዛ እጃቸው መስፋት ተማሩ። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው በዓለም የሚታወቁ የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ፤ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። የማሚቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይተረካል። ተአምሩ ግን አሠራር ነበረው። ዓመታት፣ ድግግሞሽ፣ አጠገባቸው ቆሞ የሚያርም አስተማሪ ነበራቸው። ጥያቄው እነዚህን ሦስት ነገሮች በተራ ቀን፣ ለተራ ባለሙያ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም እንዴት ማቅረብ ይቻላል ነው።

*«ትንንሾቹ» ሥራዎች*

በሕክምና ቋንቋ «አነስተኛ የማህፀን ሕክምና» የሚባሉ ሥራዎች አሉ። ጽንስ ከጨነገፈ በኋላ በማህፀን የቀረውን ማውጣት፣ አልወጣ ያለ የእንግዴ ልጅን በእጅ ማውጣት፣ በወሊድ ጊዜ የተቀደደን ገላ መስፋት፣ በብልት አካባቢ የቋጠረ መግል መክፈት፣ የደም መፍሰስን በፊኛ ወይም በማሸግ መግታት። አብዛኞቹ ትልቅ የቀዶ ሕክምና ክፍል አይጠይቁም። «አነስተኛ» የተባሉት ለሥራው ነው፤ ለሴትየዋ ግን ሕይወት ናቸው።

አንዱን ብቻ እንይ። ቀድሞ በማህፀን የቀረን ነገር ማውጣት ማለት በስለታም ማንኪያ መሰል ብረት መፋቅ ነበር። ያማል፤ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ሰጪ ባለሙያና የቀዶ ሕክምና ክፍል ይፈልጋል፤ ማህፀን የመብሳት አደጋውም ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእጅ የሚሠራ የመምጠጫ መሣሪያ ተስፋፋ፤ ባለሙያዎች «ኤም.ቪ.ኤ» የሚሉት። ትልቅ መርፌ የሚመስል የፕላስቲክ መምጠጫና ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ነው። መብራት አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ፍቀቱ ቀርቶ መምጠጫው እንዲተካው ይመክራል። መብራት ለሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ታስቦ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይስማማል።

ነገር ግን መሣሪያው ቀላል መሆኑ እጁን ቀላል አያደርገውም። ማህፀን በዓይን አይታይም። ባለሙያው ቱቦው የት እንደደረሰ የሚያውቀው በጣቱ ጫፍ ነው። መቼ እንደሚያቆም የሚያውቀው ግድግዳው ሲሻክርበት፣ ማህፀኑ ቱቦውን ሲጨብጥበት ነው። ይህን መጽሐፍ አይነግረውም። ታዲያ ጣት ይህን የት ይማር?

*አንዱን አይተህ፣ አንዱን ሠርተህ*

በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች የታወቀ አባባል አለ። «አንዱን እይ፣ አንዱን ሥራ፣ አንዱን አስተምር» ይላል። ሐኪሞች በቀልድ ይሉታል፤ ይኖሩበታልም። ከዚህ አባባል ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል። «አንዱን ሥራ» ሲባል የሚሠራባት ሴት ናት የጎደለችው።

ዓረቦች ደግሞ ስለ እንዲህ ዓይነቱ ትምህርት የሚሉት ተረት አላቸው፤ «ዋግምትን በየቲሞች ራስ ላይ ይማራል» ይላሉ። ዋግምት ለእኛም እንግዳ አይደለምና ተረቱ ሳይተረጎም ይገባናል። ጀማሪ ዋግምት ነቃይ ቢሳሳት የሀብታም ልጅ አባት አለው፤ የቲም ግን ማን ይጮህለታል? የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ታሪክ በመላው ዓለም ከዚህ የራቀ አይደለም። የፓሪስም፣ የለንደንም፣ የኒው ዮርክም ሐኪም እጁን ያፍታታው ገንዘብ ባልነበራቸው ሰዎች ላይ ነው። ገንዘብ ያላት ሴት ልምድ ያለውን ሐኪም መርጣ ትታከማለች። በወሳንሳ የመጣችው የምትመርጠው የላትም።

በአገራችን ይህ ጥያቄ የከበደው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የተማሪው ብዛት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት ተስፋፉ፤ በ2004 ዓ.ም. ብቻ 13 ተቋማት አዲስ የሐኪሞች ሥልጠና ጀመሩ። ሐኪም ያንሳት ለነበረች አገር ይህ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙት ተማሪዎች ሲበዙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ዕድል ያንሳል። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ትከሻ ላይ ተንጠራርተው ያያሉ፣ ሁሉም ይመረቃሉ።

ሁለተኛው ምክንያት መልካም ዜና ነው፤ እናቶቹ መጡ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ያህል ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሱ። የእናቶች ሞትም በጥናቶቹ ግምት ከ100 ሺህ ሕያው ወሊድ 871 የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ከዚህ ጀርባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋት፣ የእናቶች ማቆያ ቤቶች፣ የወረዳ አምቡላንሶች አሉ። ገጠሯ ሴት «ቤትሽ አትውለጂ፣ ጤና ጣቢያ ነይ» ተብላ ለዓመታት ተመክራ እሺ ብላ መጣች።

እሺ ብላ ስትመጣ ዕዳው ተዛወረ። ቤቷ ብትሞት ርቀቱ ገደላት ይባላል። በጤና ተቋም አልጋ ላይ እጅ ባልተፍታታ ባለሙያ ብትጎዳ ግን ማን ነው የሚጠየቀው? ለሰፈሯ ሴቶች የምትነግራቸውስ ምንድን ነው? በአንድ ጎጥ ውስጥ አንዲት ሴት ተጎድታ ከተመለሰች የአሥር ዓመት ምክር በአንድ ቡና ላይ ይፈርሳል።

*የጨርቋ እናት*

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የ250 ዓመት ዕድሜ አለው፤ የመጣውም ከገጠር ነው። አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የምትባል ፈረንሳዊት አዋላጅ በኦቬርኝ ገጠር ስትሠራ፣ የሚያዋልዱት ሴቶች አብዛኞቹ ማንበብ እንደማይችሉ አየች። መጽሐፍ ብትጽፍላቸው አይጠቅማቸውም፤ በምጥ ላይ ባለች ሴት ማስተማር ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ ከጨርቅ፣ ከቆዳና ከጥጥ የእናት ዳሌና ማህፀን፣ ውስጡም የሕፃን አሻንጉሊት ሰፋች። «ማሽኑ» ብላ ጠራችው። እ.ኤ.አ. በ1759 ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በመላው ፈረንሳይ እየዞረች እንድታስተምር ፈቃድ ሰጣት። ከሃያ ዓመት በላይ ከአውራጃ አውራጃ ዞራ ሺዎችን አሠለጠነች። ከጨርቅ አካሎቿ አንዱ እስከ ዛሬ በሩዋን ከተማ ሙዚየም አለ። ያልተማረች የገጠር ሴት ጨርቋ ላይ ሃያ ጊዜ ተሳስታ፣ ሃያ አንደኛውን በሰው ላይ በትክክል ትሠራለች፤ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ሐሳቡ በሕክምና ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደ ጎን ጉዳይ ተቀመጠ። ከሁሉ በፊት አጥብቀው የያዙት አብራሪዎች ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪ ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ መጀመሪያ የሚማረው ተሳፋሪ ጭኖ አይደለም፤ አዲስ አበባ ባለው ሲሙሌተር ውስጥ ተቀምጦ ነው። ይህ ለማንም የቅንጦት ነገር አይመስልም። በሕክምና በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 አስሙንድ ሌርዳል የተባለ የኖርዌይ አሻንጉሊት ሠሪ ትንፋሽ መስጠት የሚለማመዱባትን የፕላስቲክ ሴት ሠራ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያው ድርጅት «ማማ ናታሊ» የምትባለውን አወጣ። አሠልጣኙ እንደ ሽርጥ ሆዱ ላይ ታጥቆ ምጥ ላይ እንዳለች ሴት ይቀመጣል፤ ከተደበቀ ከረጢት ቀይ ፈሳሽ ይለቃል። ሠልጣኙ ደሙን ማቆም አለበት፤ እሷም ትናገራለች፣ ትፈራለች፣ ትጠይቃለች። በብዙ ታዳጊ አገሮች ሚድዋይፎች ሠልጥነውባታል።

*ፓፓያና የበሬ ምላስ*

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ዕቃ ነው» የሚል ይኖራል። ይህን የሚመልሰው ገበያ ላይ ያለው ፓፓያ ነው።

በእጅ የሚሠራውን የመምጠጫ ሥራ ለማስተማር በዓለም ላይ ከሚጠቀሙባቸው ምሳሌዎች አንዱ ፓፓያ ነው። ቅርጹ ከማህፀን ጋር ይመሳሰላል፤ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ግድግዳው ለስላሳ፣ ውስጡ ፍሬ የሞላው ነው። ሠልጣኙ መያዝን፣ ቱቦ ማስገባትን፣ መምጠጥን በእሱ ላይ ይለማመዳል። ካበዛው ፓፓያው ይበሳል፤ ስህተቱን በዓይኑ ያየዋል። ሲጨርስ ፓፓያውን ለሁለት ሰንጥቆ ምን ያህል እንዳወጣና ምን እንዳስቀረ ይመለከታል። ይህን በሴት ላይ ማየት አይቻልም። ለወሊድ ስፌት ልምምድ ደግሞ የበሬ ምላስ ያገለግላል፤ ጡንቻው ለመርፌ እንደ ሰው ገላ ይታዘዛል። መግል መክፈት በተሞላ ፊኛና በስፖንጅ ይለመዳል።

ፓፓያ በጎጃም ቆላና ወይና ደጋ ይበቅላል። የበሬ ምላስ ከሥጋ ቤት ይገኛል። ስፖንጅና ፊኛ ሱቅ አለ። ዋናው ወጪ የሰው ጊዜ ነው፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ አንድ ልምድ ያለው ሚድዋይፍ ወይም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ አንድ ጠረጴዛ።

የሚነሱ ተቃውሞዎች ግን በንቀት የሚታለፉ አይደሉም። ፓፓያ አይጮህም። ደሙ አይሞቅም፤ ባሏ ከበር ውጭ ቆሞ አይጠብቅም። እውነት ነው፤ ስለዚህ ልምምዱ የሰውን አልጋ አይተካም፤ ወደ አልጋው የሚደርሰውን እጅ ያዘጋጃል። ከፓፓያው በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሥራዎች አስተማሪ አጠገብ ቆሞ፣ ሴትዮዋም ተነግሯትና ፈቅዳ መሆን አለባቸው።

ሌላው ተቃውሞ ከልምድ የመጣ ነው። በፕሮጀክት የተገዛ ውድ አሻንጉሊት ሥልጠናው ሲያልቅ ንብረት ክፍል ይቆለፍበታል፤ «ይበላሻል» ተብሎ ሳይነካ ያረጃል። ባለሙያው የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት ይዞ ይመለሳል፤ በስድስተኛው ወር እጁ ረስቷል። መድኃኒቱም ከዚሁ ይወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ትልቅ ሥልጠና ይልቅ በየሳምንቱ የሚደረግ ትንሽ ልምምድ ይጠቅማል፤ ርካሽ ዕቃ ደግሞ ለመቆለፍ አያጓጓም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው። የተፍታታ እጅ ባዶ ከሆነ ምን ይሠራል? ደም፣ ኦክሲቶሲን፣ ጓንት፣ መምጠጫው ራሱ ከሌለ ሥልጠና ትርፉ ብስጭት ነው። ሠልጥነው የሚመለሱት ባለሙያዎችም የደረጃ ዕድገትና የሕግ ከለላ ጥያቄ አላቸው። ይህን የሚክድ ሰው የለም። ነገር ግን ዕቃ በአንድ ቀን በመኪና ሊመጣ ይችላል፤ እጅ ግን በአንድ ቀን አይመጣም።

*መንገድ ሲዘጋ*

እስከ ቅርብ ዓመታት ለትንሽ ሆስፒታል አንድ መውጫ ነበረው። ከአቅም በላይ የሆነውን ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ማለት ይቻል ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ይህ መውጫ ጠቧል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ራሷ በአየር ጥቃት ተመትታ ሰዎች ሞተውባታል፤ ሆስፒታሏም ብዙ ቁስለኞችን ተቀብሏል። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ «ሪፈር» ወረቀት ላይ የቀረ ቃል ይሆናል። ደም የሚፈሳት ሴት ያላት አሁን አጠገቧ ያለው እጅ ብቻ ነው።

በሰላም ጊዜ የአቅራቢያ ባለሙያን ማሠልጠን ጥሩ ፖሊሲ ይባል ነበር። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ግን ሌላ አማራጭ የለም። ከ1947ቱ ጎንደር ጀምሮ አገሪቱ ሙያን ወደ ገጠር የማውረድን ግማሽ መንገድ ተጉዛለች፤ ሰዎቹን ልካለች። ቀሪው ግማሽ የተላኩት ሰዎች እጃቸውን የሚያፍታቱበትን ቦታ ከሴቶች ገላ ላይ ማንሳት ነው።

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ወሳንሳው ደርሷል፤ ጎረምሶቹ ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ ሴቶቹ ከበር ውጭ ማርያምን ይጠራሉ። ውስጥ ያለው ወጣት ጓንቱን ያጠልቃል። ይህ ሥራ ለእሱ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፤ ማንም አንድ ቀን ጀማሪ ነውና ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ማንም ከዚያ በፊት አንድ ፓፓያ ሳይሰጠው ቀርቶ፣ የእሱም የእሷም የመጀመሪያ ፈተና በዚያች ሌሊት ሲገናኙ ነው።